ፖሊስ ያገኘውን ሁሉ ያሳየናል? ስለ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ የማሳወቅ ግዴታና ስለ ይግባኝ በእንግሊዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክስ ሲመጣ ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ማስረጃ አላቸው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ግን አንድ ሌላ ጥያቄ አብሮት መጠየቅ አለበት፦ «አግኝተው ያስቀመጡት ምን አለ?» በእንግሊዝ በይግባኝ ከተሻሩት ትልልቅ ፍርዶች ብዙዎቹ የተሻሩት በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ነው።

መልሶቹ እንግሊዝንና ዌልስን ይመለከታሉ። ስኮትላንድ የራሷ ሕግ አላት። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ይህ ጠቅላላ ማብራሪያ ነው፤ የጠበቃን ምክር አይተካም።

ዐቃቤ ሕግ ምን ምን ማሳየት አለበት?

ሁለት ነገር። አንደኛው ክሱን የሚያስረዳበት ማስረጃ ነው፦ የምስክሮች ቃል፣ የሐኪም ማስረጃ፣ ፎቶ፣ ቪዲዮ። ይህን መስጠቱ አያከራክርም።

ሁለተኛው ፖሊስ በምርመራው የሰበሰበው፣ ክሱ ላይ ግን ያልዋለው ነው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሥነ ሥርዓትና ምርመራ ሕግ በአንቀጽ 3 ላይ መለኪያ አስቀምጧል። የዐቃቤ ሕግን ክስ ሊያዳክም ወይም የተከሳሹን መከላከያ ሊያግዝ ይችላል ተብሎ በአግባቡ ሊታሰብ የሚችል ነገር ካለ ለተከሳሹ ይሰጣል። «ሊያግዝ ይችላል» ከተባለ ይበቃል። ነፃ የሚያወጣ መሆን የለበትም።

ለምሳሌ ምስክሩ በመጀመሪያው ምሽት የተናገረው በኋላ ከፈረመው ቃል ጋር ላይገጥም ይችላል። ምስክሩ ራሱ በማጭበርበር የተፈረደበት ሊሆን ይችላል። የጣት አሻራው የሌላ ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እነዚህ ሁሉ መሰጠት ያለባቸው ናቸው።

የሚሰጠውንና የማይሰጠውን የሚለየው ማን ነው?

መጀመሪያ ፖሊስ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገረማል፤ ቢገረምም አይፈረድበትም። በየምርመራው ለዚህ ሥራ የተመደበ ፖሊስ አለ። ያልተጠቀሙበትን ነገር ሁሉ በተራ ቁጥር ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ዐቃቤ ሕግ አይቶ «ይሰጥ» ወይም «አይሰጥ» ይላል። የተከሳሽ ጠበቃ እጅ የሚገባው ዝርዝሩና «ይሰጥ» የተባለው ነው።

ችግሩ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው። አንድ መስመር «የመርማሪ ማስታወሻ ደብተር» ወይም «ሲዲ፣ አንድ» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ውስጡ ምን እንዳለ ከዚህ ማንም አያውቅም። እያንዳንዱ ነገር ምን እንደሆነ በሚበቃ ሁኔታ እንዲጻፍ የፖሊስ መመሪያው ያዛል። በተግባር ግን እንደ ጸሐፊው ነው። ስለዚህ ጠበቃዎ ዝርዝሩን ሲቀበል አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ በየመስመሩ አንብቡት። ያን ምሽት የት እንደነበሩ፣ የትኛው ሱቅ ካሜራ እንዳለው፣ ማን በመስኮት ያይ እንደነበር የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ይህ ግዴታ ከየት መጣ?

ከመራራ ልምድ። በየካቲት 1974 ወታደሮችንና ቤተሰቦቻቸውን የያዘ አውቶቡስ ኤም 62 በተባለው አውራ ጎዳና ላይ በቦምብ ፈነዳ፤ 12 ሰው ሞተ። ጁዲት ዋርድ የተባለች ወጣት ተያዘች፣ ተፈረደባት፣ 18 ዓመት ታሰረች። በ1992 የይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው። የመንግሥት የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የማይመቻቸውን የምርመራ ውጤት ለጠበቆቿ ሳይሰጡ ማስቀረታቸው ታወቀ። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግም ያላሳወቁት ነገር ነበር።

ያ ፍርድ አንድ መስመር አሰመረ፦ ማስረጃ የያዘው ወገን ራሱ ብቻውን «ይህ ይቅር» ብሎ ሊወስን አይችልም። ከአራት ዓመት በኋላ የ1996ቱ ሕግ ወጣ።

ሕጉ ካለ፣ ዛሬም ይደበቃል?

ይደበቃል። ሁልጊዜ በክፋት አይደለም። በጥድፊያ፣ በቸልተኝነት፣ «ሰውየውን ይዘናል» ብሎ በመደምደምም ይሆናል። ለታሳሪው ግን ልዩነት የለውም።

የአንድሩ ማልኪንሰንን ጉዳይ ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው። በ2003 ሳልፎርድ ውስጥ አንዲት ሴት በሌሊት ወደ ቤቷ ስትሄድ ተደፈረች። ማልኪንሰን ተከሰሰ። የሱ ዲኤንኤ አልተገኘም። ክሱ የቆመው «እሱ ነው» ባሉ ሰዎች ቃል ላይ ነበር። በ2004 ጁሪው (ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስኑት ተራ ዜጎች) 10 ለ2 ጥፋተኛ አለው። ዝቅተኛው የእስር ጊዜ ሰባት ዓመት የማይሞላ ነበር። እሱ ግን «አላደረግኩም» እንዳለ ጸና። ጥፋቱን የማያምን እስረኛ በአመክሮ መውጣት ይከብደዋል። ከ17 ዓመት በላይ ታሰረ።

ተበዳይዋ ያጠቃትን ሰው ፊቱን በኃይል እንደቧጨረችውና ጥፍሯ እንደተሰበረ ተናግራ ነበር። ማልኪንሰን ፊት ላይ ግን ጭረት አልታየም። በክርክሩ ጊዜ መልሱ «ስለ ጭረቱ ተሳስታ ይሆናል» ሆነ። ፖሊስ ግን የእጆቿ ፎቶ ነበረው። ፎቶው ላይ የአንዱ ጣት ጥፍር ከሌሎቹ አጥሮ ይታያል። ፎቶው ለተከሳሹ ጠበቆች አልተሰጠም፣ ጁሪውም አላየውም። በዚያ ላይ እሱን አይተናል ያሉ ሁለት ምስክሮች ቀድሞ ተፈርዶባቸው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። ይህም አልተነገረም።

ነፃ ያወጣው በመጀመሪያ ወደ ሌላ ሰው የሚያመለክት አዲስ የዲኤንኤ ውጤት ነው። ፍርዱ ሐምሌ 2023 ተሻረ። ፍርድ ቤቱ ግን በዲኤንኤው ብቻ አላበቃም። የፎቶዎቹና የምስክሮቹ ሪከርድ አለመሰጠት ራሱ ፍርዱን የማያስተማምን እንዳደረገው በጽሑፍ ወሰነ። እንግዲህ አስቡት፤ ዲኤንኤ ባይመጣም የጥፍሩ ፎቶ 2004 ላይ በጁሪው ፊት ቢቀርብ ነገሩ ሌላ መልክ ሊኖረው ይችል ነበር።

ዝም ማለት መብቴ ነው። ለምን የመከላከያ መግለጫ እሰጣለሁ?

የመከላከያ መግለጫ ተከሳሹ ለክሱ ያለውን መልስ በጽሑፍ የሚያቀርብበት ሰነድ ነው። ከባድ ወንጀሎች በሚታዩበት በክራውን ኮርት ግዴታ ነው፤ ቀለል ያሉት በሚታዩበት በማጅስትሬት ኮርት በፈቃድ ነው። ግዴታ ባይሆንም ግን ጥቅም አለው። ፖሊስ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሚረዳዎ የሚያውቀው መከላከያዎን ሲያውቅ ነው። «በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ነበርኩ፣ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ» ካላሉት የአውቶቡሱን ካሜራ ለመፈለግ ምክንያት የለውም። መግለጫው ከገባ በኋላ ዐቃቤ ሕግ የቀረውን እንደገና ማየት አለበት። ከዚያም አልሰጥም ካለ ጠበቃው በዚያው በ1996ቱ ሕግ አንቀጽ 8 መሠረት ለዳኛው ማመልከት ይችላል። መግለጫ ያልሰጠ ሰው ይህ በር ይዘጋበታል።

ነገር ግን ከጠበቃ ጋር እንጂ ብቻዎን አይጻፉት። የተጻፈው በኋላ ይጠቀስብዎታል።

ስልኬን ወስደዋል። መልእክቶቼ በአማርኛ ናቸው። ያነቡታል?

ይህ የኛ ሰው ልዩ ችግር ስለሆነ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል።

ከአንድ ስልክ በአስር ሺዎች የሚቆጠር መልእክት ይወጣል። በታኅሣሥ 2017 ለንደን ክሮይደን ውስጥ የአንድ ተማሪ የአስገድዶ መድፈር ክስ በክርክሩ መሃል ፈርሷል። ከከሳሿ ስልክ የወጡት ከ40,000 በላይ መልእክቶች ፖሊስ እጅ ነበሩ፤ ለተከሳሹ ጠበቆች አልተሰጡም ነበር። ሲሰጡ ክሱ ተቋረጠ። እነዚያ መልእክቶች በእንግሊዝኛ ነበሩ። መርማሪው የሚያነባቸው ቋንቋ ነበር ማለት ነው።

አሁን የእርስዎን ስልክ ያስቡ። መርማሪው ሁሉንም አያነብም፤ ቃል እያስገባ ይፈልጋል። የእንግሊዝኛ ቃል ካስገባ በፊደላችን የተጻፈው አይመጣለትም። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ ደግሞ ይብሳል። አንዱ «እሺ»ን በአንድ መንገድ ይጽፈዋል፣ ሌላው በሌላ። የድምፅ መልእክት ከሆነማ ሰምቶ የሚተረጉም ሰው ካልተቀመጠ ጭራሽ የለም ማለት ነው። እና እኛ ደግሞ ቁም ነገሩን በድምፅ መላክ እንወዳለን።

ስለዚህ «ስልኬ ውስጥ አለ» ብሎ መተው አይበቃም። ለጠበቃዎ ለይተው ይንገሩት፦ ከማን ጋር፣ በዋትሳፕ ነው በቴሌግራም፣ በየትኛው ሳምንት፣ በጽሑፍ ነው በድምፅ፣ ምን ይላል። በመከላከያ መግለጫው ውስጥ ይግባ። በስም የተጠየቀን መልእክት «አላየነውም» ማለት ይከብዳል። እርስዎ ራስዎ ግን ምንም እንዳያጠፉ። የሚጎዳዎም ቢሆን።

«ምስጢር ነው» ብለው መከልከል ይችላሉ?

አንዳንዴ ይችላሉ። የጠቋሚ ስም፣ የስለላ ዘዴ፣ የአገር ደኅንነት የሚነካ ነገር ሊያዝ ይችላል። ግን የሚወስነው ዳኛ ነው፤ ዐቃቤ ሕግ ብቻውን አይደለም። ዳኛውም ክርክሩ እየሄደ ሲመጣ ውሳኔውን እየመላለሰ መመርመር አለበት። ይህን ካልገለጥን ክርክሩ ፍትሐዊ አይሆንም የሚባልበት ደረጃ ላይ ከተደረሰ ዐቃቤ ሕግ ወይ ይገልጣል ወይ ክሱን ይተዋል።

አልተሰጠንም የምንለው ነገር ካለ ይግባኙ በቀጥታ ያሸንፋል?

አይደለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ተስፋው ይሰበራል። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ፍርዱ ያስተማምናል ወይ? ዐቃቤ ሕግ ማጥፋቱ ብቻውን አይበቃም። ያ የቀረው ማስረጃ ቢቀርብ ኖሮ የጁሪውን ውሳኔ ሊለውጥ ይችል ነበር ወይ የሚለው ይታያል።

ሁለት ጉዳዮችን አጠገብ ለአጠገብ ማየት ይረዳል። በ1992 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በኤድዋርድስ ጉዳይ ላይ መብቱ አልተጣሰም አለ። ማስረጃው በመጀመሪያው ክርክር አልተሰጠም ነበር። በኋላ ግን ወጥቶ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ አየው፣ መዘነው፣ ጉድለቱ እዚያ ታረመ። በ2000 በሮውና በዴቪስ ጉዳይ ግን ተቃራኒውን ወሰነ። እዚያ ዐቃቤ ሕግ ለክርክሩ ዳኛ እንኳ ሳያሳይ ነበር የያዘው። የተያዘው ነገር ዋናው ምስክር ሽልማት የተከፈለው የፖሊስ ጠቋሚ መሆኑን የሚመለከት ነበር። ምስክሮቹን በዓይኑ ያላየ የይግባኝ ዳኛ፣ የተከሳሽ ጠበቃም ሰነዱን ሳያይ፣ ያንን ጉድለት ሊሞላ አይችልም ተባለ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የይግባኝ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሻረው።

ስለዚህ ለይግባኝ የሚረዳው «ደብቀውናል» የሚል ጩኸት አይደለም። «ይህ ወረቀት ቢኖረን ምስክሩን ይህን እንጠይቀው ነበር፤ መልሱም ይህን ያፈርስ ነበር» ብሎ በዝርዝር ማሳየት ነው።

ጊዜው ስንት ነው?

ከክራውን ኮርት የጥፋተኝነት ውሳኔ በኋላ 28 ቀን። ይግባኙ በቀጥታ አይታይም፤ መጀመሪያ ፈቃድ ይጠየቃል። አዲስ ነገር ዘግይቶ ከተገኘ ጊዜው እንዲራዘም መጠየቅ ይቻላል፤ ለምን እንደዘገየ ማስረዳት ግን ግድ ነው። ከማጅስትሬት ኮርት የሚመጣ ይግባኝ መንገዱም ጊዜውም ሌላ ነው፤ የሚያጥርም ስለሆነ በዚያው ሳምንት ጠበቃ ያነጋግሩ።

ከተፈረደ በኋላ ፖሊስ ፋይሉን እንዲከፍትልን ማስገደድ እንችላለን?

እዚህ በሩ ይጠብባል። የ1996ቱ ሕግ ያስቀመጠው ተከታታይ ግዴታ ፍርድ ሲሰጥ ያበቃል። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ «ነን» (Nunn) በተባለ ታሳሪ ጉዳይ ላይ ከፍርድ በኋላ ያለውን ወሰነ። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ፍርዱን የሚያጠራጥር ነገር ካገኙ ማሳወቅ አለባቸው። ተጨማሪ ምርመራ ፍርዱን ሊነካ የሚችል ነገር ያወጣል የሚል እውነተኛ ተስፋ ካለም መተባበር አለባቸው። «ሁሉንም አምጡና እኛ እንፈልግ» ማለት ግን አይቻልም።

እኔ ይህ ሚዛን ለታሳሪው ከባድ ነው ብዬ አምናለሁ። ያላየኸው ሳጥን ውስጥ ምን እንዳለ ንገረንና እንከፍትልሃለን እንደማለት ነው። የማልኪንሰን ፎቶዎችም የተገኙት አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የፖሊስን ፋይል ለማየት ከታገለ በኋላ ነው።

ታዲያ ሌላ ማን አለ?

በበርሚንግሃም የሚገኝ የወንጀል ጉዳዮች ገምጋሚ ኮሚሽን አለ፤ ከ1997 ጀምሮ ይሠራል። ማመልከቻው ነፃ ነው፣ ጠበቃም ግዴታ አይደለም። ትልቁ ጉልበቱ ከፖሊስና ከሌሎች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሰነድ አስገድዶ መውሰድ መቻሉ ነው። ፍርዱ ሊሻር የሚችልበት እውነተኛ ዕድል አለ ካለ ጉዳዩን ወደ ይግባኝ ፍርድ ቤት ይመልሰዋል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በተለመደው መንገድ ይግባኝ ተሞክሮ መሆን አለበት።

ኮሚሽኑ ግን እንከን የለሽ አይደለም። የማልኪንሰንን ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ውድቅ አድርጎ ነው በሦስተኛው የመለሰው።

«ጥፋተኛ ነኝ» ብዬ አምኛለሁ። አልቆልኛል?

የግድ አይደለም። ጠባብ መንገድ ነው፤ ግን አለ። ትልቁ ምሳሌ የብሪታንያ ፖስታ ቤት ጉዳይ ነው። ሆራይዘን የሚባለው የሒሳብ ኮምፒውተር በየቅርንጫፉ የሌለ ጉድለት ያሳይ ነበር። ፖስታ ቤቱ የቅርንጫፍ ኃላፊዎቹን በስርቆትና በሐሰተኛ ሒሳብ ከሰሰ። ከሳሹ ፖሊስ ወይም መንግሥት አልነበረም፤ ራሱ ድርጅቱ ነበር። ማስረጃ የማሳወቅ ግዴታው ግን ያው ነው። ብዙዎቹ እስር ፈርተው ያላደረጉትን አመኑ።

በሚያዝያ 2021 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በአንድ ቀን የ39 ሰዎችን ፍርድ ሻረ። ፖስታ ቤቱ ስለ ሲስተሙ ችግር የሚያውቀውን አላሳወቀም፤ በዚህም ፍትሐዊ ክርክር አልነበረም አለ። ያመኑትም ነፃ ወጡ። በዚያ መዝገብ ውስጥ የወጣ አንድ ነገር ከአእምሮ አይጠፋም። በ2013 ስለ ሆራይዘን ችግሮች የተነጋገሩበት ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በማሽን ተቆራርጦ እንዲጠፋ መታዘዙን የድርጅቱ የራሱ ሕግ አማካሪ በጽሑፍ አስፍሮታል። በ2024 ደግሞ ፓርላማው የቀሩትን ፍርዶች በጅምላ የሚሽር ሕግ አወጣ።

አገር ቤትስ እንዴት ነው?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 4 ተከሳሽ የቀረበበትን ማናቸውንም ማስረጃ የመመልከት፣ ለመከላከል የሚያስችለውን ማስረጃም የማቅረብ ወይም የማስቀረብ መብት ይሰጠዋል። ንዑስ አንቀጽ 6 ይግባኝን ያረጋግጣል። ልብ ይበሉ፦ የመጀመሪያው የሚናገረው ስለ ቀረበው ማስረጃ ነው። ፖሊስ አግኝቶ ስላላቀረበው በቀጥታ አይናገርም። ጠበቃ የሚሠራበት ቦታ «የማስቀረብ» መብቱ ላይ ነው፤ ሰነዱ ከዚህ መሥሪያ ቤት ይቅረብልኝ ብሎ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ።

አሜሪካ ያለ ዘመድስ?

እዚያ የብሬዲ ደንብ ይባላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1963 ነው የወሰነው። ተከሳሹን የሚረዳ ወሳኝ ማስረጃ መያዝ፣ በቅንነትም ይሁን በክፋት፣ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል። በ1972 ደግሞ ለምስክር የተገባ የ«አንከስህም» ቃል መገለጥ እንዳለበት ተወሰነ። በሁሉም ግዛት ይሠራል፤ ዝርዝር አሠራሩና ጊዜው ግን በየግዛቱ ይለያያል።

ቤተሰብ ምን ይሥራ?

ወረቀት ይያዝ። የመጀመሪያው ጠበቃ ፋይል፣ ያልተጠቀሙበት ማስረጃ ዝርዝር፣ የጠበቆች ደብዳቤ፣ ሁሉም ኮፒው ይቀመጥ። ጠበቃ ሲቀየር የሚጠፋው መጀመሪያ ይኸው ነው። ፖሊስ ጣቢያም ፍርድ ቤትም ለተከሳሹ አስተርጓሚ በነፃ ነው። ዘመድ አያስተርጉም፤ አማርኛው ካልገባው ወይም ሌላ ቋንቋ የሚሻለው ከሆነም ያንኑ በግልጽ ይናገር።

ምስክሩን ግን አያነጋግሩት። ሽማግሌ መላክ በኛ ዘንድ ክብር ነው፤ እዚህ ግን ምስክርን በማስፈራራት ሌላ ክስ ሊያመጣ ይችላል። የሰሙትን፣ ያዩትን፣ ማን የት እንደነበረ በቀኑ ጽፈው ለጠበቃው ይስጡ።